መሥሪያ ቤት የሌለው አማች

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ የትምህርት ቤት ፎርም ይዞ ሱቄ መጣና፣ «አባዬ፣ የአባት መሥሪያ ቤት የሚለው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ቧንቧ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የቀለም ባልዲ፣ ጣሪያ የነካ የፕላስቲክ ቱቦ። ሥራ አለኝ፣ ቤትም አለኝ፤ መሥሪያ ቤት ግን የለኝም። ባዶውን ተወው አልኩት። ከሄደ በኋላ፣ ያ ባዶ ቦታ አንድ ጊዜ ሚስት ሊያሳጣኝ እንደነበር ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅሁ።

ያኔ ከቁስቋም ቁልቁል እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ የማላውቀው የውሃ ቆጣሪ አልነበረም። መፍቻና ፒንሳዬን በማዳበሪያ ከረጢት አንግቤ፣ በየግቢው እየገባሁ ቧንቧ እጠግን ነበር። ሒሳብ ሲጠይቁኝ «ያው እንደፈቀዳችሁ» እላለሁ። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ንግድ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ዋጋ ከነገሩት ይከራከራል፤ ለይሉኝታው ከተዉለት ግን ጨምሮ ይሰጣል፣ ምሳም ያበላል። በጾም ትኩስ ሽሮ፣ በፍስክ ቤት ያፈራውን። እርግጥ ነው፣ ሥራ የሚጠፋባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ መፍቻ ሲሰበርም የሚተካልኝ አልነበረም። ቢሆንም ወሩ ሲጠቃለል ከብዙ ደሞዝተኛ እሻል ነበር።

ይህን ለአቶ ታፈሰ ማን ይንገራቸው? አቶ ታፈሰ የምወዳት የሰብለ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው። የላክኋቸው ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ፣ የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቧንቧ ይሠራል። የት? በየሰው ቤት። «እንግዲህ ሥራ ሲይዝ ተመለሱ» ብለው በክብር ሸኟቸው። በዚህ ላይ በአክስቷ በኩል የመጣ ሌላ ጠያቂ ነበራት፤ ባንክ የሚሠራ። አባቴ ለገና ለዚያኛው ወገን ቁርጡን ሊነግሯቸው ነው ብላ ሰብለ ላከችብኝ።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችንን የመንገድ ዳር ቧንቧ ጥገና በጨረታ ያሸነፈ አንድ ኮንትራክተር ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ደሞዙ እኔ በደህና ወር የማገኘውን ግማሽ አይሞላም። ግን ሰማያዊ ቱታ ነበረው፤ ከሁሉም በላይ በአንገት የሚንጠለጠል መታወቂያ። ተቀጠርኩ። ሽማግሌዎቹ መታወቂያዬን ይዘው ተመለሱ። አቶ ታፈሰ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን መረመሩ፤ ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

መታወቂያው መጣ እንጂ ደሞዙ አልመጣም። አሠሪያችን ሲከፈለኝ እከፍላችኋለሁ ይላል፤ ጥር አልፎ የካቲት ገባ። በቱታ ሆኜ ቦይ ስቆፍር የድሮ ደንበኞቼ ያዩኛል፤ ምሳ የሚያቀርብ ግን የለም። ለእሱማ መንግሥት ይከፍለዋል ይላሉ። ስለዚህ እሑድ እሑድ መታወቂያውን አውልቄ ያንኑ ከረጢቴን አነሳሁ።

በሁዳዴ አንድ እሑድ የአቶ ታፈሰ ግቢ ቧንቧ ፈነዳ። እሳቸው ወደ ኮንትራክተሩ ቢደውሉ የሚያነሳ የለም፤ ውሃው ወደ ጓዳው ሲገባ ሰብለ እኔን አስጠራች። ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ስጠግን ቆመው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ ዋጋውን ጠየቁኝ። ለአማት ሒሳብ አይነገርምና፣ ምን ዋጋ አለው ጋሼ አልኩ።

«ለሌላ ሰው ብትሠራውስ?»

ነገርኳቸው። በሳምንት ስንት እንዲህ ያለ ሥራ እንደማገኝ ጠየቁኝ፤ ያንንም ነገርኳቸው። በግምጃ ቤት ያረጀ ሰው ማባዛት አያቅተውም። ቀጥለው ደሞዜን ጠየቁ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንዳልተከፈለኝ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

«ታዲያ ያንን መታወቂያ ምን ይሁነኝ ብለህ አንጠለጠልከው?»

«ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ እርጥብ እጅጌዬን አቀዘቀዘው። ሰብለ ጓዳው በር ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች።

«በል ተወው የመታወቂያውን ሥራ» አሉ በመጨረሻ። ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ። «ግን ከሰርጉ በኋላ። አክስቷ ትመጣለች።»

እንደዚያው ሆነ። በደሞዝተኛነት አገባሁ፣ በሳምንቱ ለቀቅሁ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ሲጠይቃቸው «አማቼ ውሃ ላይ ነው» ይሉ ነበር፤ አልዋሹም።

በወጣትነቴ የአቶ ታፈሰ ጥያቄ ንቀት ይመስለኝ ነበር። አሁን ስነግድ ኖሬ ሳየው ፍርሃት ነው። ሰው የሚወደው የደሞዝን ብዛት አይደለም፤ ቀኑ መታወቁን ነው። ልጁን የሚሰጥ አባት ደግሞ የምታድርበትን ቤት ብቻ ሳይሆን የወሩን መጨረሻም ማየት ይፈልጋል።

ትናንት ማታ ትልቋ ልጄ ስለ አንድ ወጣት አነሳችልን፤ ሴራሚክ ያነጥፋል አለች። የት ነው የሚሠራው አልኳት። ሰብለ ከሳህኗ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«እ... ማለቴ» አልኩ፣ «እጁ ጥሩ ነው ወይ?»