ለአያ ሲሳይ ባትሪ ያሰርኩት ሴል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ዘርዝሬ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተ ፊት ተቀምጫለሁና ታገሠኝ።

ላሊበላ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ። ሬዲዮም ስልክም እጠግናለሁ፤ የታወቅሁት ግን ያለ ገመድ የሚሠሩ ድሪሎችን ባትሪ በማደስ ነው። የባትሪው ቤት ሲከፈት ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሴሎች ተደርድረው ይገኛሉ። የሞቱትን አውጥቶ በምትካቸው አዲስ ማሰር ነው ሥራው። አንድ ሕግ አለው፤ አሮጌና አዲስ ሴል አብሮ አይታሰርም። አሮጌው ቶሎ ይደክማል፣ አዲሱንም ይዞት ይወድቃል። ይህን ለሌሎች የማስተምረው እኔ ነኝ። እኔው ራሴ!

አያ ሲሳይ በዕድሜ የገፉ አናጢ ናቸው። ከከተማው የሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ፣ ዋሻ ውስጥ ላለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የወይራ በር ሊሠሩ ተስለው ነበር። ሳንቃዎቹ የሚያያዙት በእንጨት ችንካር ስለሆነ ብዙ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ ወይራ ደግሞ ጥንካሬው ያስለቅሳል። ድሪል አላቸው፣ ባትሪው ግን ሞቷል። ምእመናኑ ተመካክረው አሥር አዲስ ሴል ከአዲስ አበባ አስመጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። እዚያ ተራራ ላይ መብራት የለም። ስለዚህ ባትሪው ባለቀ ቁጥር ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ለእኔ ያመጣዋል፣ ቻርጅ አድርጌ ስጨርስ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ይመልሰዋል፤ እንዲህ ተባባልን።

ከአሥሩ አምስቱን ወሰድኩ። የራሴ ድሪል ባትሪ ሞቶብኝ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነች አምስት ሴል ይበቃታል። በአያ ሲሳይ ባትሪ ውስጥ ከአምስቱ አዲስ ጋር፣ ከወዳደቀ ላፕቶፕ የፈታኋቸውን አምስት አሮጌ ሴሎች አሰርኩ። አልቸገረኝም፣ አልራበኝም። የሚያይ ሰው ስላልነበረ ብቻ ወሰድኩ። ስለካው ሙሉ አሳየኝ፣ የቻርጁን መጠን የሚያሳዩት አራቱም መብራቶች በሩ። አሮጌ ሴል ጠረጴዛ ላይ ሙሉ መስሎ ሥራ ላይ እንደሚከዳ አጥቼው ነው? አላጣሁትም።

ሥራው የተጀመረ ዕለት እኔም ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ በመጋዙም በመዶሻውም በድሪሉም ላይ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩ። አያ ሲሳይ ጫማቸውን አውልቀው፣ አማትበው ድሪሉን አነሱ። ሁለት ቀዳዳ በሱ። ሦስተኛው ላይ ድሪሉ አቃሰተና ቆመ።  እኔ ከሕዝቡ ኋላ ሆኜ ዓይኔን ከድሪሉ ላይ አነሳሁ።

ባትሪው ወደ እኔ ወረደ፣ ሞልቼ ላክሁት፤ ደግሞም ቆመ። ባልቴቶች በሁለት እጃቸው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ የማኅበር ጽዋ እንደሚሸከም ሰው ተጠንቅቀው ሲያመላልሱት አይቻለሁ። ያኔስ ከፍቼ መለወጥ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ከከፈትኩት ግን ለራሴ ሌባ መሆኔን ማመኔ ነው፤ ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ እየሰካሁ መለስኩት።

በሦስተኛው ጊዜ አያ ሲሳይ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ባትሪው ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ የታመምኩት እኔ ነኝ። በወንድሜ ቂም ይዤ የእግዜርን በር ልበሳ! ጸበሉ ነው ያጋለጠኝ።»

አያ ሲሳይና ታናሽ ወንድማቸው አያ ደምሴ በአንዲት የድንበር መሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ሰላም አልተባባሉም ነበር። በማግስቱ አያ ሲሳይ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፣ ሽማግሌ አስከትለው፣ በወንድማቸው ደጃፍ ተደፉ። መሬቷንም ለቀቁላቸው። ለገብስ ከእሷ የተሻለ ማሳ አልነበራቸውም። ዛሬ የአያ ሲሳይ የበኩር ልጅ ኩልመስክ ወደሚባል አገር ወርዶ የሰው መሬት ያርሳል።

ከዚያ ድሪሉን ጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡትና በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ የገናን ጾም ሙሉ በሱ። ለገና በዓል በሩ ቆመ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተሸክመው ሲገጥሙት እዚያው ነበርኩ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ያ ከባድ ሳንቃ በአንድ ጣት ሲገፋ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ችንካሮቹ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። ያን ሁሉ ቀዳዳ በእጅ ያስበሳቸው የእኔ ውሸት ነው፤ የበሱበት ልብ ግን የእኔ አልነበረም።  ተሳልሞ የሚገባው ሕዝብ ሲያልፈኝ ውጭ ቀረሁ፤ ለዚያ በር ግንባሬን ማስጠጋት ፈራሁ። ዛሬም እፈራለሁ።

በየዓመቱ በበዓሉ ቀን አያ ሲሳይ ተነሥተው ይህን ተአምር ይናገራሉ። ሕዝቡ እልል ይላል፤ እኔም አጨበጭባለሁ። አንድ ጊዜ «አያ ሲሳይ፣ ስለዚያ ባትሪ…» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ተወው ልጄ፣ እሱማ የእግዜር መልእክተኛ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር በሌብነቴ ወንድማማቾች አስታረቀ ብዬም ራሴን ሸንግያለሁ። አስታርቆ ይሆናል። ያ የእሱ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ መስረቅ ነበር፣ ከዚያም አንድ ንጹሕ ሰው እጄ እርኩስ ነው ብሎ ሲያምን አፍን ዘግቶ ማየት።

አሁን የምፈራው ቅጣቱን አይደለም። እውነቱን ስናገር ተአምራቸውን እነጥቃቸው ይሆን? መሬቷስ ዳግም ታጣላቸው ይሆን? አላውቅም። ይህን ፍርሃት ግን ስድስት ዓመት መሸሸጊያ አድርጌዋለሁ፤ በቃኝ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም ወንድማማቾች አንድ ላይ አስቀምጣለሁ። አያ ሲሳይ ማንበብ አይችሉምና ይህን ወረቀት እኔው ድምፄን አውጥቼ አነብላቸዋለሁ። ይቅርታ አልለመንኩበትም፤ ይቅርታን ለመስጠትም ለመንፈግም ሥልጣኑ የእሳቸው ነው። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የሚሉኝን እሰማለሁ።