የጋሽ ከሰል የመጨረሻ ዓመት በጥጥ አገዳ እሳት

ጋሽ ከሰል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን የእንፋሎት ቦይለር በከሰል ሲያነዱ ኖረዋል። ስሙን ያወጡላቸው የማቅለሚያ ክፍል ሴቶች ናቸው፤ የእሳቸው ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር በምንም ሳሙና አልለቅ ቢል። ሚስታቸውም ትራሳቸውን ነጭ ማልበስ ከተወች ቆይታለች።

አምና መመሪያ መጣ። አገሪቱ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን ከሰል ቀስ በቀስ ልትተው ነው፤ ፋብሪካዎች በየዓመቱ የሚበቅል ነገር ያንድዱ ተባለ። ለነሱ የደረሳቸው የጥጥ አገዳ ነበር። አዲሷ መሐንዲስ ቦይለሩ ፊት ቆማ አስረዳቻቸው።

"ጋሼ፣ ከሰሉ ስንት ሚሊዮን ዓመት የተቀበረ ካርቦን ነው። ስናቃጥለው አየሩ ላይ አዲስ ሸክም እንጨምራለን። አገዳው ግን ካርቦኑን ከአየር የወሰደው አምና ነው። ስናነደው ያንኑ እንመልሳለን፣ ለከርሞ የሚዘራው ጥጥ ደግሞ መልሶ ይወስደዋል።"

"ገባኝ ልጄ" አሉ ጋሽ ከሰል። "ለእሳቱስ ነግረሽዋል?"

መሐንዲሷ ሳቀች። እሳቱ ግን አልሳቀም። አገዳው ቦግ ይልና ወዲያው ይከስማል። አመዱ ቀልጦ የምድጃው ፍርግርግ ላይ እንደ ብርጭቆ ይጋገራል። በየሦስት ቀኑ እሳት አጥፍቶ፣ ምድጃ አቀዝቅዞ፣ በዲጅኖ መፈልፈል ግድ ሆነ። እንፋሎቱ ሲወርድ ጨርቁ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ የማቅለሚያ ኃላፊዋ የቦይለር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ትጮሃለች።

"የካርቦኑን ነገር እናንተ እወቁት! እኔ እንፋሎቴን ስጡኝ!"

ጋሽ ከሰል ዲጅኖውን ይዘው ወደ ፍርግርጉ ይመለሳሉ። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ዝርግት ይላሉ።

"ከሰሉ ቢያጠቁርህ እንጂ እንዲህ አላደከመህም" አለች ሚስታቸው አንድ ቀን።

"ተይኝ እስቲ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አንድ ጠዋት ከፍርግርጉ የተፈለፈለውን ቁራጭ ሰብረው ሲያዩት ውስጡ አሸዋ ነው። አገዳው ከነሥሩ ተነቅሎ ከነአፈሩ ነበር የሚመጣው፤ ቀልጦ የሚጋገረውም ይኸው ነው። በማግስቱ አገዳ በሚያመላልሰው መኪና ተሳፍረው ማሳው ድረስ ሄዱ። አንዲት ገበሬ ክምሩ አጠገብ ቆማ ጫኞቹን በክፉ ዓይን ታያለች።

"እህቴ፣ ሥሩን ለምን መሬት ውስጥ አትተዉትም?"

"ተባይ ይክረምበት? ካልነቀልነው ለከርሞ ጥጥ የለንም።" ከዚያ እጇን ወደ መኪናው ዘረጋች። "እሱስ ይሁን። እናንተ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ በምን ላብስል? ያ ክምር እኮ ማገዶዬ ነበር። ዘንድሮ ጭራሮ ፍለጋ ሁለት ሰዓት እሄዳለሁ።"

ይህን መሐንዲሷ አልነገረቻቸውም፣ መመሪያው ላይም የለም። ጋሽ ከሰል አገዳው ላይ ቁጭ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ የታገሉት እሳት የዚችን ሴት ምድጃ አጥፍቶ የመጣ ኖሯል።

"ሥሩ ለምድጃሽ ይሆናል?" አሉ ከተቀመጡበት።

"ሥሩማ ወፍራም ነው፤ አፈሩን ካራገፉት ከአገዳው ይልቅ ይቆያል።"

የተነቀለውን አገዳ ሥሩን በመጥረቢያ ቆርጦ ለባለማሳዎቹ መተው፣ ንጹሑን ሳምንት አድርቆ ማምጣት፤ ሐሳባቸው ይኸው ነበር። መሐንዲሷ ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጀች። ሥራ አስኪያጁ ጭነቱ ያንሳል ብሎ ሁለት ወር አንገራግሮ ፈረመ።

ተአምር አልመጣም። ፍርግርጉ አሁን ሳይፈለፈል አሥራ አንድ ቀን ይቆያል። ዝናብ ሲገባና አገዳው ሲርስ ግን ግማሹን አሁንም በከሰል ያነዳሉ፤ መሐንዲሷ ያንን ሪፖርት ስታደርግ ፊቷ ይጠቁራል። ገበሬዋም ሥሩ ለአምስት ወር እንጂ ለዓመት አይበቃኝም ብላ በሾፌሩ ላከችባቸው። እውነቷን ነበር።

ጡረታቸው ሲደርስ መሐንዲሷ ለመነቻቸው።

"ጋሼ፣ አንድ ዓመት ብቻ ይጨምሩልን።"

"ባለቤቴን ልጠይቅ።"

ሚስታቸው ከልብስ ማጠቢያው ቀና ሳትል "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለች። "ወገብህን ጠይቀው።"

ወገባቸው እሺ አላለም። በሳምንቱ ዲጅኖውንና የቦይለር ክፍሉን ቁልፍ ለተተኪያቸው አስረክበው፣ የማቅለሚያ ክፍሉን ሴቶች በሩቁ በእጃቸው ተሰናብተው በቀን ብርሃን ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ልታዋራቸው ወንበር ስባ ስትቀመጥ፣ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።