አቶ ሸምሱና በጠመኔ የተዥጎረጎረችው መኪና

የኮልፌው መካኒክ አቶ ሸምሱ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ጋራዣቸው በር ላይ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። መርዶውን እስካሁን ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ካላችሁ፣ ከእኔ ብዕር በመስማታችሁ አዝናለሁ። ሰውየው ሲሞቱም እንኳ ሥራ አላስተጓጎሉም። ሲጠግኑት የሰነበቱትን የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሞተር ገጥመው፣ አስነሥተው፣ ድምፁን አዳምጠው «ይሂድ» ካሉ በኋላ ነበር የተቀመጡት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ሴቶች ወደ ቀብር አይሄዱምና እኔ ከባለቤታቸውና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቤት ቀረሁ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለየራሱ መኪና ያወራ ነበር። ስለእኛም መኪና ተወራ። በኮልፌ የሚነገረው ታሪክ፣ መኪና አስጠግና እናቷን ያሳከመች ልጅ እያለ፣ እኔን የሚያስመሰግን ነው፤ እውነቱ ግን አያስመሰግነኝም። ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

አባቴ ግራዝማች ሲሞቱ ከቤቱ ሌላ የተዉልን አንዲት መኪና ነበረች። ከወረራው በፊት የመጣች የእንግሊዝ አገር ሥራ ስትሆን፣ በዘመኗ ስታልፍ ሰው ከመንገድ ዳር ቆሞ እጅ ይነሣላት ነበር አሉ። እናቴ የተዳሩት በእሷ ነው። በጠላት ጊዜ አባቴ ጭድ ቤት ውስጥ ደበቋት፤ ከዚያ ወዲህ አይጥና ዝገት ወረሷት። እኛም ረስተናት ነበር።

ያስታወሰን የእናቴ ዓይን ነው። እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ እኔን በድምፄ ብቻ መለየት ሲጀምሩ ሐኪሞቹ «ውጭ አገር ከታከሙ ይድናል፤ ከዘገየ ግን አይመለስም» አሉን። አሮጌ መኪና በብዙ ዋጋ እየገዙ የሚሰበስቡ ፈረንጆች እንዳሉ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰምቼ ስለነበር፣ አቶ ሸምሱን ጠርቼ ወደ ጭድ ቤቱ አስገባኋቸው።

ጫማቸውን ለማውለቅ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ደጋግመው ዞሯት። በመጨረሻ «ይህን የሠራ ሰው እንቅልፍ የሚባል አያውቅም» አሉ።

«ትድናለች?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ የሞተ አላስነሣም። ይቺ ግን አልሞተችም፤ አኩርፋ ነው።»

ኩርፊያዋን ለማብረድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባቸው። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፤ የጎደለውን ሁሉ በእጃቸው ሠሩት። የበሩን እጀታ ከአሮጌ ናስ አቅልጠው አወጡ፤ ከመሪው ፊት የነበረውን፣ ምስጥ የበላውን እንጨት በጥቁር እንጨት ተኩ። አንድ ጊዜ የካምቢዮውን ማርሽ ጥርስ በጥርስ በሞረድ ሲቀርጹ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ጥርስ የፀጉር ያህል ስቷል ብለው ወደ ቁርጥራጩ ክምር ወረወሩት። «ማን ያውቅብዎታል?» ብዬ ጮህኩ። «ካምቢዮው ያውቃል» አሉና ሌላ ብረት አነሡ።

የሠሩት ዕቃ ላይ ሁሉ፣ በማይታየው ወገን፣ በሞረድ ሦስት ጭረት ያደርጉ ነበር። ለምን ሦስት እንደሆነ ስጠይቃቸው «አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለማያንቀላፋው ጌታ» አሉኝ። የእኔ ያልሆነውን የእኔ፣ የእኔ የሆነውን የሌላ እንዳልል ነው ማለታቸው ነበር። እኔ ግን የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን እየመራሁ ጋራዡ እወስዳቸዋለሁ። አቶ ሸምሱ ሥራ ያቆሙና እጃቸውን በላምባና በሰጋቱራ አጽድተው የእናቴን እጅ ይቀበላሉ። «እሜቴ፣ እዚህ ጋ ይዳስሱ። ይቺ እጀታ የፋብሪካው ናት፤ ይቺኛዋ የእኔ።» እናቴ ደግመው ደጋግመው ይዳስሱና «ሂድ ወዲያ ሸምሱ! ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ አቶ ሸምሱ እንደ ሕፃን ልጅ ይስቁ ነበር።

እኔ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም። አንድ ቀን የእኛን መኪና ትተው የአንድ ጋሪ ነጂ ጎማ ሲያቃኑ አገኘኋቸውና ተቆጣሁ። «የእሱ ፈረስ ዛሬ መብላት አለበት፤ ያንቺ መኪና እስከ ነገ አይርባትም» አሉኝ። ጋሪ ነጂው ሊከፍል ኪሱ ሲገባ «ለፈረሱ ገብስ ግዛበት» ብለው ሰደዱት።

መኪናዪቱ አልቃ ፀሐይ ላይ የወጣች ቀን ኮልፌ ሥራ ፈታ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ያያታል። ጥቁር ቀለሟ ላይ ሰማዩ ከነደመናው ይታይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ቀርባ በመኪናዪቱ በር ላይ ሻሿን ስታስተካክል አይቻለሁ።

የሽያጩን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አንድም ዕቃ ያልተለወጠ፣ ሁሉም የፋብሪካው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰብሳቢዎቹ ብዙ የሚከፍሉት ለዚያ መሆኑን ሰምቼ ነበርና። አቶ ሸምሱ እንግሊዝኛ አያውቁም። አንድ ጢሙ የነጣ ፈረንጅ መጣ። አቶ ሸምሱ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ፈረንጁ ብዙ ካየ በኋላ «እውነት ሁሉም የፋብሪካው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ለአቶ ሸምሱ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከጭድ ቤቱ ጀምረው፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንደጎደለ፣ ምን በምን እንደሠሩ፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። እኔ ወደ ፈረንጁ ዞሬ «አዎ» አልኩት። ፈገግ ብሎ ብዕሩን አወጣ።

አቶ ሸምሱ ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል ብቻ ሆነ? የፈረንጅ አፍ ይህን ያህል አጭር ነው እንዴ?»

«ጋሽ ሸምሱ፣ የእናቴን ዓይን ያስቡ እንጂ!»

«አስቤያለሁ» አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው እጀታውን ከበቡ። የፊት መብራቱን ክፈፍ ከበቡ። ኮፈኑን ከፍተው ውስጡን አንድ በአንድ ከበቡ። በዒድ ልብሳቸው መሬት ላይ ተጋድመው ከሥሯ ገቡና ከታች ሆነው ምልክት ሲያደርጉ የጠመኔው ድምፅ ይሰማን ነበር። ሲወጡ ያቺ ጥቁር መኪና በነጭ ተዥጎርጉራለች። በየቅዳሜው ስመላለስ የኖርኩት እኔ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ተጠገነች ስል ኖሬያለሁ፤ ለካ ከግማሽ በላይዋን እንደገና ወልደዋታል! በዚያች ቆርቆሮ ቤት፣ በሞረድና በመዶሻ፣ የአንድ ፋብሪካ ሙሉ ሠራተኛ የሠራውን አንድ ሰው ሠርቶታል።

ፈረንጁ ባርኔጣውን አወለቀ። የአቶ ሸምሱን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ረጅም ጊዜ ቆየ። ብዕሩን ግን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩትን ያልኩት። በሠራተኞቻቸው ፊት፣ በገበያተኛው ፊት፣ «እናቴን ያሳወሯቸው እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። ቀስ ብለው ከልብሳቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። «ሌላ ገዢ እንጠብቅ። ካልመጣ ይህን ጋራዥ እሸጣለሁ፤ እሱን ለመሸጥ ውሸት አያስፈልገኝም» አሉኝ። ማባበያ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ፈረንጅ መጣ። የላከው የመጀመሪያው ነው። ያኛው ጠመኔው እንዳይጠረግ አስቀድሞ በመልእክተኛ አስለምኖን ስለነበር፣ ይህኛው እያንዳንዱን ክብ በጉልበቱ እየተንበረከከ አየ፤ ገዛም። የከፈለው ካሰብነው ያነሰና ለሕክምናውና ለአንድ ሰው መንገድ ብቻ የሚበቃ ነበር። እናቴ ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። አንዱ ዓይናቸው ዳነ። ለሌላው ዘግይተናል ተባለ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይሁን ከዚያ በፊት የነገረን የለም። እኔም ለዓመታት ቂሜን ይዤ ኖርኩ።

እናቴ ግን ከአውሮፕላን እንደወረዱ ከቤት በፊት ወደ ጋራዡ ውሰዱኝ አሉ። «ሸምሱ፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ» አሏቸው። አቶ ሸምሱ ግራሶ ነው ብለው ወደ ኋላቸው ደበቁት። እናቴ ጎትተው አወጡትና አገላብጠው፣ አገላብጠው አዩት። «እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ?» አሉና ሳሙት።

ባለፈው ዓርብ፣ ወንዶቹ ቀብር ሄደው ሴቶች ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ፣ ባለቤታቸው የማላውቀውን ነገሩኝ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አቶ ሸምሱ ለጋራዡ ገዢ አምጥተው፣ አስለክተው፣ ቃል ሰጥተው ነበር። ሁለተኛው ፈረንጅ ባይመጣ በሦስተኛው ቀን ሊፈራረሙ ነበር። ለእኔ እንዳይነገር ባለቤታቸውን አስምለዋቸዋል።

ጋሽ ሸምሱ፣ እስኪያርፉ ድረስ ሰላምታዎን በግማሽ አፍ እየመለስኩ ባለፍኩ ቁጥር እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልነገሩኝም። የሰደብኩዎ በሰው ፊት ነበርና ይቅርታዬንም በሰው ፊት እጠይቃለሁ። እናቴን ያሳወሯቸው እርስዎ አልነበሩም፤ የታወርኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ እናቴ ትናንት ማንም ሳያግዛቸው ራሳቸው አነበቡት፤ ሲጨርሱም «ለጋዜጣ ላኪው» አሉኝ። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።