እማዬ የገባችበት ጭፈራ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ሁላችንም ሎንድሪ ነው የምንለው። ከማድረቂያዎቹ አንዱ ሲሽከረከር እንደ ከበሮ ይመታል፤ ዷ፣ ዷ-ዷ፣ ዷ። ጓደኛዬ ኩዌካ የሚባለውን ጭፈራ ያስተማረችኝ በዚህ ማድረቂያ ምት ነው።

ጓደኛዬ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር የቺሊ ልጅ ናት። ሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል ስለማንችል አንዳችን በአንዳችን አንስቅም። በትምህርት ቤት ምሳዬን አብራኝ የምትበላው እሷ ብቻ ነበረች። ኩዌካ የአገሯ ጭፈራ ነው። ወንድና ሴት ነጭ መሐረብ ይዘው፣ ሳይነካኩ፣ እንደ አውራና እንደ ሴት ዶሮ ይዟዟራሉ። እኔ ረዘም ስለምል ወንዱ እኔ ነበርኩ። እማዬ ልብስ እያጠፈች ታየናለች።

«ኧረ ተረከዝሽን! ተረከዝሽን ምቺው እንጂ! ይሄ ወንድ ነው ወይስ ዲያቆን?»

ብዙም ሳይቆይ ከእኔ በላይ የቻለችው እሷ ሆነች። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ዝም የምትለው እናቴ፣ የትራስ ልብስ እያውለበለበች ከጓደኛዬ ጋር ስትዞር ማየት! አሜሪካ ከመጣን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬ እናት አሌክሳንድሪያ ወዳለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በመኪናቸው ይዘውን ሄዱ። ሴኞራ ነው የምንላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው። ቺሊዎች ከስፕሪንግፊልድም ከሎረልም ተሰባስበው የሚዘፍኑበት ዝግጅት ነበር። መንገድ ላይ ሴኞራ ሲያወሩ ጓደኛዬ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እንመልሳለን። በአገራቸው ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ የሕዝብ ዘፈን እንደ መሣሪያ ይፈተሽ ነበር። ሴኞራ ካሴቶቻቸውን ያተረፉት የልጆች ተረት የሚል ወረቀት ለጥፈውባቸው ነው። የተራራ ሰዎች ዋሽንት እንኳ ያስጠረጥር ነበር አሉ።

«ዋሽንት ደግሞ ምን ብሎ ተሳደበ?» አለች እማዬ።

ሴኞራ መሪያቸውን ይዘው ሳቁ። «ማንን ደስ እንደሚለው ያውቁ ነበራ!»

አባቷ የት እንደሆኑ ጓደኛዬን ጠይቄያት አላውቅም። እኛ ሕንፃ ውስጥ አባት የሌለበት ቤት ብዙ ስለሆነ አያስጠይቅም።

አዳራሹ ውስጥ ሳምቡሳ የሚመስል ምግባቸውን በላን። ሰዎቹ ቆመው ዘፈኑ፣ ጡንቻማ ሰውዬዎች ሳይቀሩ እንባቸው እየወረደ ዘፈኑ፤ እማዬ ቃሉን ሳታውቅ አጨበጨበች። ጓደኛዬ ጊታር ልትመታ ወደ መድረኩ ሄደች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ማይክሮፎኑን ይዘው በስፓኒሽ አንድ ነገር ሲናገሩ ቤቱ ፀጥ አለ። እኛ ከኋላ ነበርን፤ ምን እንዳሉ አልገባንም።

ሴኞራ ጥቁር ጉርድ ለብሰው፣ መሐረባቸውን ይዘው ወጡ። ጊታሩ ጀመረ። የማድረቂያው ምት ነው! ሴኞራ ዞሩ። ከፊታቸው ማንም የለም።

«ወንዱስ?» አለች እማዬ።

«እኔ እንጃ።»

«ቀርቶባታል! እዪ፣ ቀርቶባታል እኮ! ይሄ ሁሉ ወንድ ቁጭ ብሎ ያያል?»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ምኑን ነው የምተወው? በሰው ፊት ብቻዋን?»

እኛ ዘንድ አንድ ሰው መሐል ገብቶ ሲጨፍር ሌላው ተነስቶ ፊት ለፊቱ ይቆምለታል። ብቻውን መተው ማዋረድ ነው። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከጠረጴዛው አንድ ሶፍት አነሳች፣ አንዴ ረዥም እልልታዋን ለቀቀችውና ገባች።

ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። ጓደኛዬ ጊታሩ ላይ ጣቷ ተደናቀፈ፣ ግን አላቆመችም። እማዬ ሶፍቷን አውለብልባ፣ ተረከዟን እየመታች፣ ልክ እንደ ወንዱ አንድ ዙር ዞረች። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «እናትሽ ናት?» አለችኝ። «አዎ» ያልኩበትን ድምፅ እኔ ራሴም አልሰማሁትም። ከወለሉ በታች ሌላ ምድር ቤት ቢኖር ኖሮ እዚያ እገባ ነበር።

እማዬ ከኋላ ሆነን ያላየነውን ያየችው ፊት ለፊት ስትገጥማቸው ነው። ሴኞራ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ነበር። እኛ አገር ሴት ፎቶግራፍ ደረቷ ላይ አድርጋ የምትታየው ለቅሶ ላይ ነው። የእማዬ እጅ ሶፍቷን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ሴኞራ ግን አላቆሙም፤ ዞረዋት ጨፈሩ። እማዬ ጀርባዋን ሳታዞር፣ ከመቅደስ እንደሚወጣ ሰው ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች።

ሲያልቅ ጓደኛዬ ወደ እኔ መጣች።

«አባቴ ነው» አለችኝ። «ወታደሮቹ ሲወስዱት እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ሞተ አንልም። የት እንዳደረሳችሁት ንገሩን ነው የምንለው። ያ ባዶ ቦታ የእሱ ነው፤ ማንም አይገባበትም።»

ስንመለስ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ከኋላ፣ ከእኔ ጋር ነበር የምትቀመጠው። እስከ ቤታችን ድረስ የጭንቅላቷን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ፤ አንዴም አልዞረችም። ሰኞ ምሳዬን ከማን ጋር እንደምበላ አሰብኩ። እማዬ ደግሞ ቤት ገብተን እንኳ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ለቅሶ ላይ እልል አልኩባት» እያለች ትደጋግማለች።

በማግሥቱ ዳቦ ጋገረች። ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ገባኝ፤ ለቅሶ ልትደርስ ነው! ደረጃው ላይ ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ አይሆንም! ሞተ አይሉም እኮ። ጥቁር ለብሰሽ ከገባሽ ገደልሽባቸው ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

ዳቦውን አቅፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፎቶው ሳሎናችን ያለው ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ እንደተወሰደ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

«እኛ ማልቀስም አይቻልም ነበር» አለች። «ካድሬዎቹ በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እናቴ ሬዲዮ ከፍታ ነው የምታለቅሰው።»

«ሬዲዮው ምን ይዘፍናል?»

«የእነሱን የሰልፍ ዘፈን ነዋ! በእነሱ ዘፈን ተሸፍነን አለቀስን። እነዚህ ግን በራሳቸው ዘፈን...» አለችና ተወችው።

ጥቁሩን ነጠላ ገፍፋ ሰጠችኝ። «ያዢልኝ።» ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ወተፍኩት።

በሩን የከፈተችው ጓደኛዬ ናት። ግቡ አላለችም። ሴኞራ ከኋላዋ መጡ። እማዬ ዳቦውን እንደያዘች፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«እስካሁን ወሬ የለም?»

ሴኞራ አዩዋት። «የለም» አሉ። «እስካሁን የለም።» ቀጥለውም፣ «ትናንት በጣም ተናድጄብሽ ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ» አለች እማዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

ችግር የለውም አላሉም። ከበሩ ግን ዘወር አሉልን።

እማዬ ዳቦውን ቆረሰች። ሴኞራ ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመውን የባላቸውን ፎቶግራፍ አምጥተው ጭኗ ላይ አደረጉላት። «ጭፈራ አይሆንለትም ነበር» አሉ። «ተረከዙን አይመታም። አንቺ ትሻያለሽ።»

እማዬ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

እኔ ጥቁሩን ነጠላ የማደርግበት አጥቼ ወንበሬ ላይ አድርጌ ተቀምጬበታለሁ። ጓደኛዬ ከግድግዳው ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣ በስተመጨረሻ «ነይ፣ ክፍሌ እንሂድ» አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ቃል! ብነሳ ግን ነጠላው ይታያል።

«እዚሁ ይሻለኛል» አልኳት።

«ለምን?»

«እግሬ ደንዝዞ ነው።»

እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ ይነበባል። ቢሆንም ጊታሯን ከክፍሏ አምጥታ፣ እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።