ቦኖው ከላይ ወይስ ከታች

አንድ ፓርቲ ለምክር ቤት ምርጫ ያጨኝ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጎንደር ከተማ፣ የውሃ ሥራ በሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜዬን ስፈጅ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ያልተጣላሁትም አንድም ነገር ወስኜ ስለማላውቅ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ «እየታየ ነው» እለዋለሁ፤ አመስግኖኝ ይሄዳል። ፓርቲው ይህን እንደ ትልቅ ጸባይ ቆጠረልኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀች። «ምሳህን እንኳ እኔ ነኝ የምመርጥልህ። ሰው አንተን ምን ብሎ ይመርጣል?» አለች። ያም ሆኖ ኮቴን ተኩሳ ሸኘችኝ።

የተወለድኩት ጃናሞራ ስለሆነ እዚያው እንድወዳደር ተደረገ። ከመካነ ብርሃን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ሰዉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጠበቀኝ፤ የላይ መንደር በአንድ ወገን፣ የታች መንደር በሌላው። ስለ ልማት ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ከላይ መንደር በኩል ተነሡ።

«ንግግርህ ሸጋ ነው። የሚሠራልን የውሃ ቦኖ አንድ ነው አሉ። ላይ ይሁን ታች?»

«አያ፣ እሱ ጥናት ይፈልጋል።»

«ማነው የሚያጠናው?»

«የእኛ መሥሪያ ቤት።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳታጠናው ቀረህ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የታች መንደር ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ላቤ በተተኮሰው ኮት ውስጥ ይወርዳል። «እየታየ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ታች። ውሃው ወደ ላይ አይወጣም» አልኩ።

ታች መንደር እልል አለ። ላይ መንደር ብድግ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አለቀልኝ ብዬ፣ ለባለቤቴ የምለውን እያሰብኩ ጎንደር ገባሁ።

ተመረጥኩ፤ ያውም በሁለቱም መንደር ድምፅ። በኋላ ሽማግሌውን ገበያ ላይ ሳገኛቸው ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ተፎካካሪህ ለእኛም ለእነሱም ቦኖውን ቃል ገባ። አንተ ፊት ለፊት ከለከልኸን» አሉኝ። «የከለከለን ሰው ይታወቃል። ለሁሉም እሺ የሚለውን ግን በየት እንያዘው?»

ቦኖው ታች ተሠራ። የላይ መንደር ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ እዚያ ካገኙኝ ይወቅሱኛል፤ አንዷማ ጀሪካኗን አሸክማኝ ሽቅብ ነዳችኝ። ዳገቱ መሃል ላይ ቆሜ ሳለከልክ፣ «ምነው ክቡር ተመራጭ፣ ገና ነው እኮ» አለችኝ።