ለጋ ቀርከሃ

ጥሬ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚወጣው እርጥብ ሽታ ዛሬም በእንጅባራ ገበያ ዳር ሳልፍ አፍንጫዬን ይዞ ያስቆመኛል፤ ያኔ ደረቴን ነፍቼ፣ «በአዊ ምድር በዘጠኝ ዓመቱ የቀርከሃ ግንብ የገነባ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እላለሁ። ግንብ ስል እንግዲህ፣ እስከ አባቴ ወገብ የሚደርስ ክብ አጥር ነው። ገነባሁ ስልም፣ የጎነጎነው አባቴ ሲሆን እኔ ቀርከሃውን አቀብያለሁ።

በጋው ገብቶ የመስኖው ድንች ከተተከለ ጀምሮ አባባ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ማሳችን ይመላለስ ነበር። ሚያዝያ ላይ ድንቹ ሲደርስና ትምህርት ቤት ለፋሲካ ሲዘጋ ግን፣ ጃርት ቀድሞን ቆፍሮ እንዳይበላው፣ ድስቱንና ብርድ ልብሱን በጋሪ ጭነን፣ ማሳው ዳር ዳስ ጥለን ሁላችንም እንሰነብት ነበር። የዚያ አገር ጃርት ጥጃ ያክላል፤ እሺ፣ ግማሽ ጥጃ።

በዚያ ዓመት እኅቴ ውዴ ሁለት ዓመት ሳይሞላት መራመድ ጀምራ ነበርና፣ እናቴን ያስጨነቃት ጃርቱ ሳይሆን ከዳሱ በታች ያለው የመስኖ ኩሬ ነበር። አባባ ለልጅቱ መዋያ አጥር ሊሠራ ተነሥቶ፣ «የዘንድሮውን ለጋ እንዳትነካ፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ቁረጥ» ብሎ ላከኝ። ሦስት ዓመት የሞላው ገጀራዬን እያነጠረ መለሰብኝ፤ ለጋው ግን ገና ሳየው የሚቆረጥ ነበር። ለጋውን ቆርጬ፣ ሰንጥቄ፣ የበሰለ እንዲመስል አመድ አሽቼበት አመጣሁ። አባባ ሲቆፍር ውሎ ደክሞት ነበርና፣ ለዓይን ሲይዝ ጎንጉኖ ጨረሰው።

እናቴ ለውዴ ከድንች ፈረስ ሠራችላት፤ አራት የእንጨት እግር፣ የቃጫ ጭራ። በማግስቱ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ውዴ ከነፈረሷ ከአጥሩ ውጭ ተገኘች።

«ማን አወጣት?» አለች እናቴ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነቴን ነበር።

አባባ ሣቀ። «የአዊ ፈረሰኞች ልጅ አይደለች? ጋልባ ዘለለችው!»

መልሰን አስገባናት፤ በሦስተኛው ቀን እንዴት እንደምትወጣ ካላየሁ እሞታለሁ ብዬ ድንቹ መደብ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ለጋው ፀሐይ መትቶት ተኮማትሮ፣ አንዱ ከአንዱ ተላቆ ነበር። ውዴ ስንጥቁን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ መጀመሪያ ፈረሱን አሳለፈች፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷን፣ ሆዷ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን አውጥታ ሾልካ ወጣች። ከዚያ ቁልቁል ወረደች። ወዴት ይሆን የምትሄደው እያልኩ ተኝቼ አየኋት፤ ለካ ፈረሷን ውኃ ልታጠጣ ኖሯል! እኔ ብድግ እስክል ውዴ ኩሬው ውስጥ ገብታ፣ እናቴ ዘልላ በቀሚሷ ጎትታ አውጥታታለች።

እናቴ ስትቆጣ ወደ አዊኛ ትሻገር ነበር፤ ያን ቀን በሁለቱም ቋንቋ አወረደችው። «አንተ ሰውዬ! እጅህ እንዲህ ከላላ ምነው ለሌላ ሰው ባሠራኸው! ልጄን ልታስቀብረኝ?»

ውዴ እያሳለች ታለቅሳለች። አባባ በተከፈተው ቦታ ላይ ጣቶቹን አሳልፎ፣ ቆይቶ ጣቶቹን ተመለከተ። «እውነትሽን ነው» አለ፤ «እጄ ላልቷል።»

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቅርጫት ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ፣ «የላላ እጅ ነው፣ ይቅርብህ» እያለ ይመልስ ነበር።

ዛሬ ልጆቼን ይዤ ዘንገና ሐይቅ ዳር የምተክለው ድንኳን ዚፕ አለው፤ ማን እንደሰፋው ስለማናውቅ ቢተረተርም የምንወቅሰው ሰው የለም። ባለፈው ፋሲካ የትንሿ ልጄ ነገር፣ ሰማንያ ያለፈውን አባባን «አያቴ፣ ቅርጫት ይሥሩልኝ» አለችው። አባባ ፈገግ ብሎ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። እኔም ቀልድ አያመልጠኝምና፣ «ተዪው ልጄ፣ ድሮም አይችልበትም» አልኳት። ሁሉም ሣቀ፤ አባባም ሣቀ። የአመዱን ነገር እስካሁን አልነገርኩትም።