ለእርስዎ ብቻ የተላከ

ወይዘሮ ላቀች ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ የገብስ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን በእኩል አራሽ ቢያሳርሱም አረሙን ራሳቸው ነው የሚያርሙት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ፍቅርተ ወደ ሐሙሲት ከተማ ተድራለች። ፍቅርተ ስታረግዝ ባሏ ደሳለኝ ለአማቱ ስልክ ገዛላቸውና ምጥ ሲይዛት መልእክት እንደሚልክ ነገራቸው።

ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልኩን በፌስታል አድርገው በረቱ አጥር ላይ አንጠለጠሉት። እዚያም ቢሆን ንግግር ይቆራረጣል፤ መልእክት ግን ይገባል።

ገባም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ማረሚያቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ወደ ጎረቤታቸው ቄስ ካሳሁን ይወስዱታል። ቄሱም ያነባሉ፦ «ለእርስዎ ብቻ የቀረበ ልዩ የኢንተርኔት ጥቅል።» በማግስቱ ዕድልዎን ይሞክሩ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊልም ይመልከቱ ይላል፣ መስኮቱ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ስልክ። በመጨረሻ ቄሱም ሰለቻቸው፣ ላቀችም መሮጡን ተዉት። አንድ ቀን ከማሳው ሆነው ሲሰሙት «ይጩህ» አሉና አረማቸውን ቀጠሉ።

ወሬውን ያመጣችላቸው ከሐሙሲት ገበያ የተመለሰች እቴነሽ የምትባል ጎረቤታቸው ናት።

«ልጅዎን እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አለቻቸው።

ላቀች ስልኩን ወደ ቄሱ ወሰዱት፤ ያን ቀን የጮኸው የደሳለኝ መልእክት ኖሯል። ሐሙሲት ሲደርሱ ሕፃኗን ያቀፈችው የደሳለኝ እናት ነበረች። ፍቅርተ ከተኛችበት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እማ፣ ስጠራሽ ዋልሁ» አለች።

 ላቀች አራሷን ሲያገላብጡ ሰንብተው ሲመለሱ ደብረ ታቦር ላይ ወርደው በቀጥታ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ ገቡ። ዘነበች የምትባል ሠራተኛ በትሕትና አስቀመጠቻቸው፤ መልእክቱ ለሁሉም ሰው እንደሚላክ፣ የሚልከውም ሰው ሳይሆን ማሽን እንደሆነ አስረዳቻቸው።

«ማሽኑስ የማን ነው?» አሉ ላቀች። «ልጄ በምጥ ስትጣራ የእኔን ጆሮ የደፈነው ማን ነው?»

ዘነበች ስልኩን ተቀብላ ማስታወቂያው እንዲቆም ጠየቀችላቸው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዘነበች ጮክ ብላ ስታነበው ጥያቄዎ ደርሶናል ይላል፤ ከዚያ በታች ስለ አዲስ ጥቅል ይተርካል። ወረፋ የያዙት ሳቁ። ላቀች አልሳቁም። ስልኩን በመቀነታቸው ቋጥረው ወጡ።

ማስታወቂያው ለጥቂት ጊዜ ጋብ ብሎ በሌላ ቁጥር ተመለሰ። ላቀችም ከዚያ ወዲህ ቁም ነገር በሰው አፍ ብቻ እንዲላክላቸው ደሳለኝን አስማሉት። የሕፃኗ ክርስትና ሲደርስ ቀኑን የነገራቸው የሚኒባስ ረዳት ነው፣ አጥሩ ድረስ ወርዶ። በዋዜማው ሐሙሲት ገቡ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የልጅ ልጃቸውን ያቀፉት እሳቸው ነበሩ፤ የደሳለኝ እናት ልቀበልዎ ብትላቸውም አልሰጡም።